የእናት ዝምታ ሕመም የለም ማለት አይደለም

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ባልና ሚስት ፍቅርና ስለ ልጆች አስተዳደግ ነው። ዛሬ ግን በየቤታችን ጓዳ ስለ ተኙ አረጋውያን እናቶችና አባቶች መነጋገር እፈልጋለሁ። በተለይም ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው የተሰበረ ወላጆቻችን ስለሚሸከሙት ሕመምና ያንን ሕመም ለማስታገስ ስላለው መንገድ። ነገሩ የሐኪም ጉዳይ ብቻ ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን እስከ መጨረሻው ብታነቡት የቤተሰብም፣ የትዳርም፣ የእምነትም ጉዳይ እንደ ሆነ ትረዱታላችሁ ብዬ አምናለሁ።

በሸጎሌ የምትኖሩ እንደምታውቁት ሰፈራችን ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት ነው። ክረምት ሲገባ ጭቃውና የረጠበው ድንጋይ እንኳን ለአሮጊት ለጎልማሳም ያዳልጣል። ይሁን እንጂ አረጋውያን የሚወድቁት በመንገድ ላይ ብቻ አይደለም። ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ፣ ከአልጋ ሲወርዱ፣ ምንጣፍ ሲጠልፋቸው በገዛ ቤታቸው ውስጥ ይወድቃሉ። ዕድሜ ሲገፋ አጥንት እየሳሳ ይሄዳል፤ በሴቶች ላይ ደግሞ የወር አበባ ከቆመ በኋላ መሳሳቱ ይፈጥናል። ስለዚህ ወጣት ልብሱን አራግፎ የሚነሣበት አወዳደቅ አሮጊትን አጥንት ይሰብራል።

ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው የጭን አጥንት ከዳሌ ጋር የሚገናኝበት የላይኛው ክፍል ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው። የወደቁት እናት መቆም አይችሉም፤ ብሽሽታቸው አካባቢ ብርቱ ሕመም ይሰማቸዋል፤ ብዙ ጊዜም የተጎዳው እግር ከሌላው አጠር ብሎ የእግሩ ጣት ወደ ውጭ ይዞራል። ይህን ስታዩ ጎትቶ ማስነሣት አይገባም። እግሩን በትራስ ደግፋችሁ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ በ907፣ ወይም የከተማውን የእሳትና አደጋ አገልግሎት በ939 ጥሩ። ከዚያም ወደ ሆስፒታል ወስዳችሁ ራጅ አስነሡ።

ከዚህ በኋላ ግን በየቤቱ የሚደረጉና እናቶቻችንን የሚጎዱ ሦስት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ወጌሻ ዘንድ መውሰድ ነው። ወጌሻ በኅብረተሰባችን የተከበረ ሙያ ነው፤ ብዙ ሰው ወልቃቱንና ውልምታውን አሽቶለታል። ነገር ግን ይህ ስብራት የሚገኘው ከወፍራም ጡንቻ ሥር ነው። በእጅ ዳስሶ ሊያስተካክለው የሚችል ሰው የለም። ማሸትና መጎተት የሚጨምረው ሕመምንና በውስጥ የሚፈስ ደምን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ዝምታቸውን እንደ ጤና መቁጠር ነው። የእኛ እናቶች ቻይ ሆነው ያደጉ ናቸው። ልጅ ሲወልዱ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ሐዘን ሲደርስባቸው ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ያለፉ ናቸው። “እማማ፣ ያምዎታል?” ሲባሉ “ደህና ነኝ ልጆቼ፣ አትቸገሩ” ይላሉ። ተኝተው ካልተንቀሳቀሱ ደግሞ ፊታቸው የረጋ ይመስላል። የዳሌ ስብራት ሕመም ግን የሚብሰው በመንቀሳቀስ ጊዜ ነው። ስለዚህ አንሶላ ሲቀየር፣ ሲገላበጡ፣ ፖፖ ሲቀርብላቸው ፊታቸውን ተመልከቱ። ግንባራቸው ይቋጠራል? የአልጋውን ጠርዝ ጨብጠው ይይዛሉ? ምግብ እምቢ ብለዋል? አንዳንድ እናቶች ሽንት እንዳይመጣባቸውና ሰው እንዳያነሣቸው ብለው ውኃ መጠጣት ያቆማሉ። “ደህና ነኝ” ከሚለው ቃላቸው ይልቅ ያልተጠጣው የውኃ ብርጭቆ እውነቱን ይናገራል።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚያሳዝነው ነው። አንዲት አእምሯቸው ንጹሕ የነበረ እናት ከወደቁ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሌሊት መቃዠት ይጀምራሉ። ልጃቸውን አያውቁትም፤ የሞቱ ዘመዶቻቸውን ይጣራሉ፤ በመርፌ የገባላቸውን ቱቦ ይነቅላሉ፤ አንዳንዴም ይሳደባሉ። ቤተሰብ ይደነግጣል። ከዚያም አንድ ሰው “ይሄማ መንፈስ ነው” ይላል። ወዲያው አልጋቸው ዙሪያ ጩኸት ይበዛል፤ አጥንታቸው የተሰበረ አሮጊት ተይዘው ይገሠጻሉ።

ወገኖቼ ሆይ፣ በክርስቶስ ሥልጣን አልጠራጠርም። አጋንንትን እንደሚያወጣም አምናለሁ። ነገር ግን ወንጌልን በጥንቃቄ ብናነብ ጌታ ኢየሱስ የታመመውን ሁሉ ጋኔን እንዳለበት አድርጎ አላየም። የጴጥሮስን አማት ከትኩሳት ሲያነሣት እጇን ይዞ ነበር። በእርጅና ላይ በድንገት የሚመጣ መቃዠት ሐኪሞች የሚያውቁት የታወቀ ሕመም ነው። ከተሰበረ ዳሌ በኋላ ደግሞ በተደጋጋሚ ይታያል። መንሥኤውም ብዙ ነው፤ የውኃ ማነስ፣ የሳንባ ምች፣ የሽንት መስመር ቁስለት፣ የመድኃኒት ጠባይ፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ እንዲሁም ያልታከመ ሕመም።

ይህን የመጨረሻውን ልብ በሉልኝ። እ.ኤ.አ. በ2003 በኒውዮርክ ሆስፒታሎች ዳሌያቸው የተሰበረ 541 አረጋውያንን የተከታተለ ጥናት ታትሞ ነበር። ቀድሞ አእምሯቸው ደህና ከነበሩት መካከል ብርቱ ሕመም የነበረባቸው ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ በ9 እጥፍ ለመቃዠት የተጋለጡ ሆነው ተገኝተዋል። የሚያቃዣቸው የሕመም ማስታገሻው ነው ተብሎ ብዙ ጊዜ ይፈራል። በዚህ ጥናት ግን በጣም ጥቂት ማስታገሻ ያገኙት ከሌሎቹ ይልቅ ቃዥተዋል። እንግዲህ “መንፈስ ነው” ያልነው ነገር፣ “ደህና ነኝ” ብለው የሸሸጉት ሕመም ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ለዚህ ዓይነት ሕመም ብዙ ቤተሰብ ያልሰማው አንድ ሕክምና አለ፤ ነርቭን በመርፌ ማደንዘዝ ይባላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዳሌና ከጭን የሚነሣውን የሕመም ስሜት ወደ አንጎል የሚያደርሱት ነርቮች በብሽሽት አካባቢ ያልፋሉ። የሰመመን ባለሙያው ከብሽሽት ዝቅ ብሎ፣ ከጠንካራው ስስ ሽፋን ሥር የማደንዘዣ መድኃኒት በመርፌ ያስገባል። መድኃኒቱ በሽፋኑ ሥር ተሰራጭቶ ነርቮቹን ያደነዝዛል፤ መልእክቱ መንገድ ላይ ይቀራል። በአልትራሳውንድ እየታየ ሲሰጥ መርፌው የት እንደ ደረሰ ባለሙያው በዓይኑ ያየዋል። ታማሚዋ አይተኙም፤ ነቅተው ልጆቻቸውን እያናገሩ ሕመሙ ይቀልላቸዋል። አንድ ጊዜ የተሰጠ መርፌ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ለብዙ ሰዓታት፣ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል።

ይህ አሰጣጥ እ.ኤ.አ. በ1989 በፈረንሳይ ሐኪሞች ሲገለጽ የተሞከረው በሕፃናት ላይ ነበር። ዛሬ ግን ብዙ አረጋውያንን እያገለገለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የሕክምና ጥናቶች መርማሪ በዳሌ ስብራት ላይ የተደረጉ 49 ጥናቶችን፣ በድምሩ 3,061 ታማሚዎችን አንድ ላይ መርምሯል። መርፌውን ያገኙት በ30 ደቂቃ ውስጥ ሲንቀሳቀሱ የሚሰማቸው ሕመም ቀንሶላቸዋል። ከመቃዠትም በተሻለ ሁኔታ ተጠብቀዋል፤ ለ12 ሰዎች መርፌው ቢሰጥ አንድ ሰው ከመቃዠት ይድናል የሚል ስሌት ተገኝቷል። የሳንባ ምችም እንደሚቀንስላቸው፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላም ከአልጋ ለመነሣት በ11 ሰዓት ያህል እንደሚፈጥኑ ታይቷል። ሞትን ስለ መቀነሱ ግን ማስረጃ አልተገኘም። ስለዚህ ተአምር አድርገን አንሸጠው፤ ነገር ግን ለአንዲት አሮጊት በሰላም መገላበጥና ልጅን በስሙ መጥራት ትንሽ ነገር አይደለም።

በአገራችንም ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ በሚገኙ የመንግሥት ሆስፒታሎች የሰመመን ባለሙያዎች በተሰበረ ጭን ላይ ሰጥተውታል፤ አጥንተው ጽፈውበታልም። መድኃኒቶቹም፣ ሊዶኬይንና ቡፒቫኬይን፣ በቀዶ ሕክምና ክፍሎቻችን የታወቁ ናቸው። በእርግጥ በሁሉም ቦታ፣ በሁሉም ሰዓት አይገኝም። ባለሙያው በቀዶ ሕክምና ክፍል ተይዞ ሊሆን ይችላል። ለዚህም ነው ቤተሰብ ሊጠይቅ የሚገባው። ያልጠየቁት ነገር ብዙ ጊዜ ሳይደረግ ያልፋል።

በእኛ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ በጀርመን ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን እርዳታ የተሠራው አቅም የሌላቸውን እንዲያገለግል ታስቦ ነው። ዛሬም በሥሩ አቤት የተባለው የቃጠሎ፣ የድንገተኛና የአደጋ ሆስፒታል አለ። በእምነት ሰዎች እርዳታ በተሠራ ግቢ ስለ እናታችን ሕመም በትሕትና መጠየቅ ነውር ሊሆን አይገባም።

ሆስፒታል ስትደርሱ እነዚህን አስታውሱ፦

1. ሕመማቸውን ከ0 እስከ 10 ባለው ቁጥር እንዲናገሩ ጠይቋቸው። ተኝተው ብቻ ሳይሆን ሲንቀሳቀሱም ስንት እንደሆነ ለሐኪሙ ንገሩ።

2. “ለሕመሙ የነርቭ ማደንዘዣ መርፌ ሊሰጣቸው ይችላል ወይ?” ብላችሁ ጠይቁ። ቀዶ ሕክምና ሲደረግ በጀርባ የሚሰጠው ማደንዘዣ ታማሚውን አስቀምጦ ወይም በጎን አዙሮ የሚሰጥ ስለሆነ፣ አስቀድሞ ነርቩ ቢደነዝዝ ያንን መከራ ያቀልላል።

3. የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። በተለይ እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ የኩላሊት በሽታ፣ መርፌ የሚወጋበት ቦታ ላይ ቁስል፣ ወይም ከዚህ በፊት መድኃኒት አልስማማ ብሏቸው ከነበረ አትሸሽጉ።

4. መርፌው ከተሰጠ በኋላ እግራቸው ይደነዝዛል፤ ይዝላልም። ብቻቸውን እንዲነሡ አትፍቀዱ። ከንፈራቸው ከደነዘዘ፣ ጆሯቸው ከጮኸ ወይም መንቀጥቀጥ ከጀመሩ ወዲያው ባለሙያ ጥሩ። ይህ በጣም አልፎ አልፎ የሚደርስ ነው፤ ነገር ግን ፈጥኖ መታከም አለበት።

5. መርፌው መቼ እንደሚለቅ ጠይቁ። ሕመሙ ተመልሶ እስኪጮኹ ሳይጠበቅ ፓራሲታሞሉ ወይም ሐኪሙ ያዘዘው ሌላ ማስታገሻ በሰዓቱ ይሰጣቸው። ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ ገዝቶ በራስ ፈቃድ መስጠት ግን አይገባም፤ የአረጋውያንን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል።

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። መርፌው ሕመምን እንጂ ስብራትን አያድንም። “ካላመማቸው ይበቃል፣ በዚህ ዕድሜ ቢላ አይንካቸው” ብሎ ወደ ቤት መመለስ አደገኛ ነው። ብዙ ቀን አልጋ ላይ መቆየት የሳንባ ምች፣ የመኝታ ቁስልና የደም መርጋት ያመጣል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው መመሪያ ታማሚው በገባበት ቀን ወይም በማግስቱ ቀዶ ሕክምና እንዲደረግለት ያዛል። በእኛ አገር ወረፋው ሊያቆይ ይችላል። ታዲያ የሚጠብቁበት ቀን በረዘመ ቁጥር የሕመም ማስታገሻው የበለጠ ያስፈልጋቸዋል እንጂ አያንስም። ሐኪሞችና ቤተሰብ ተመካክረው ቀዶ ሕክምና አይሆንም ቢባል እንኳ፣ ሕመሙን ማስታገስ አይቀርም።

አሁን ወደ ልባችን ልመለስ። አንዳንድ ቅን አማኞች “ሕመምን መታገሥ የእምነት ሥራ ነው፣ ማደንዘዣ መሻት አለማመን ይሆናል” ሲሉ ይሰማሉ። ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1847 በኤዲንብራ የነበረው ሐኪም ጄምስ ያንግ ሲምፕሰን በምጥ ላይ ላሉ ሴቶች ክሎሮፎርም መስጠት ሲጀምር ከሃይማኖት ወገን ተቃውሞ ቀረበ። እርሱም መጽሐፍ ቅዱስን ገልጦ መለሰ፤ በዘፍጥረት ምዕራፍ 2 እግዚአብሔር ከአዳም ጎን አጥንት ከመውሰዱ በፊት ከባድ እንቅልፍ እንደ ጣለበት አስታወሰ። የፈጠረን አምላክ አጥንት ሲነካ አስቀድሞ አስተኛ። ይህ ስለ ርኅራኄው የሚነግረን ነገር የለምን?

“ጌታ ራሱ በመስቀል ላይ ከርቤ የተቀላቀለበትን ወይን አልቀበልም ብሏል” የሚሉም አሉ። አዎን፣ ማርቆስ ጽፎታል። ነገር ግን እርሱ የእኛን መከራ ሊሸከም ፈቅዶ ለራሱ እምቢ አለ እንጂ፣ ለሌላ ሕመምተኛ ማስታገሻን ከልክሎ አያውቅም። በዚያው መስቀል ላይ፣ በዚያው ሕመም ውስጥ ሳለ፣ እናቱን የሚጠብቃት ሰው አዘጋጀላት። የራስን ሕመም በፈቃድ መታገሥ አንድ ነገር ነው፤ የእናትን ሕመም በእርሷ ፈንታ መታገሥ ግን ትዕግሥት አይባልም።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ጌታ የገሠጻቸውን ሰዎች አስቡ። ለአባትና ለእናት የሚገባውን እርዳታ “ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው” ብለው ያስቀሩ ነበር። እኛም “እየጸለይንላቸው ነው” የሚለውን ቃል ለሆስፒታሉ ወጪ፣ ለአምቡላንሱ፣ ሌሊት አጠገባቸው ለመቀመጡ ምትክ ካደረግነው፣ ከእነርሱ በምን እንለያለን? ደጉ ሳምራዊ ለቆሰለው ሰው በቁስሉ ላይ ዘይትና ወይን አፈሰሰ፣ አሰረው፣ በራሱ አህያ ጫነው፣ ለእንግዳ ማረፊያው ጠባቂም ገንዘብ ከፈለ። በዚህ ሁሉ ውስጥ እጁም፣ ጊዜውም፣ ኪሱም አለ።

ባለትዳሮች ሆይ፣ ይህ ጉዳይ ወደ እናንተም ይመጣል። አማት ሲወድቁ የሚያነሣቸው፣ የሚያጥባቸው፣ ፖፖ የሚያቀርብላቸው ማን ነው? በአብዛኛው ቤት ምራት ናት። እርሳቸው በተነኩ ቁጥር ሲጮኹ፣ እርሷ እንደ ጨካኝ ራሷን ታያለች፤ ጎረቤትም በክፉ ይተረጉምባታል። ባልም ከሥራ ሲመጣ የእናቱን ጩኸት ሰምቶ በሚስቱ ላይ ይቆጣል። ብዙ ጠብ የተጀመረው በዚህ መንገድ ነው። ወንድሜ ሆይ፣ የእናትህ ሕመም እንዲታገሥ ሐኪሙን መጠየቅ የአንተ ሥራ ነው። ሲገላበጡም በአንዱ ወገን አንተ ያዝ። እህቶችህንና ወንድሞችህን ሰብስበህ ወጪውንና ሌሊቱን ተካፈሉ። እህቴ ሆይ፣ አንቺም “የእርሱ እናት” አትበዪ። ሕመማቸው የታገሠላቸው አሮጊት ሲታጠቡ አይጮኹም፤ ይመርቁሻል እንጂ።

ለቤተ ክርስቲያን ጠያቂዎችም አንድ ልመና አለኝ። የታመሙትን ለመጠየቅ ስትሄዱ ጥቂት ሁኑ። በዝግታ ጸልዩ፤ እጃቸውን ያዙ፤ ስማቸውን ጠርታችሁ የት እንዳሉ፣ ቀኑ ስንት እንደሆነ ንገሯቸው። መነጽራቸውና ማዳመጫቸው በአጠገባቸው መኖሩን እዩ። ሌሊት እንዲተኙ ተዉአቸው። የሚቃዡ ከሆነ አትገሥጿቸው፤ ለነርሷ ተናገሩ፤ ሕመማቸው እንዲታይ ለምኑ። በዚህ ዓይነት የሚደረግ ጸሎት ኃይሉ አይቀንስም።

ያዕቆብ በሸመገለ ጊዜ በበትሩ ላይ ተደግፎ እንደ ሰገደ መጽሐፍ ይነግረናል። ዳሌው የተነካ ሰው ነበርና አንክሶ ኖሯል። የእኛም እናቶችና አባቶች ከወደቁበት ተነሥተው፣ በበትርም በልጅ ትከሻም ተደግፈው፣ አእምሯቸው ንጹሕ ሆኖ እግዚአብሔርን እንዲያመሰግኑ እንመኛለን። ለዚያ የሚረዳ አንድ መርፌ ካለ እናስጠይቅላቸው። ያም ከፍቅር የሚወለድ እምነት ነው።

እስቲ ዛሬ ማታ ጓዳ ገብታችሁ “እማማ፣ ያምዎታል?” በሏቸው። “ደህና ነኝ” ቢሉ ደግሞ ቀስ ብላችሁ ቁጭ በሉና ሁለተኛ ጠይቋቸው።